የኢንሹራንስ ድጎማችሁን ለምን ገቢ ውስጥ እንዳስገባነው፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ዘንድሮ ታክስ ልታሠሩ መጥታችሁ ብዙዎቻችሁ ቅር ብሏችሁ ወጥታችኋል። ሪፈንዱ፣ ማለትም ከታክስ የሚመለስላችሁ ገንዘብ፣ አንሷል። ወረቀቱን ሰብስቦ ሌላ ቦታ የሄደም አለ። ሳንነግራችሁ ዱብ ዕዳ ስለሆነባችሁ ይቅርታ። አስቀድመን መደወል ነበረብን።

ድጎማውን ገቢ ውስጥ የማስገባቱን ውሳኔ ግን አልቀይረውም። ላስረዳችሁ።

ከሆቴል፣ ከሆስፒታል፣ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ጡረታ ለወጣችሁት የቀድሞ አሠሪያችሁ በየወሩ የኢንሹራንስ መግዣ ይልክላችኋል። በወር 300 ዶላር እንበል፣ በዓመት 3,600። «ይሄ ለኢንሹራንስ ነው እንጂ ደመወዝ አይደለም» ትሉኛላችሁ። እናቴም ብትሆን እንደዚሁ ነበር የምትለኝ። አይአርኤስ፣ የአሜሪካ ታክስ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ የሚያየው ግን የገንዘቡን ስም ሳይሆን አሰጣጡን ነው። ደረሰኝ ሳትጠየቁ እጃችሁ ከገባ፣ የቤት ኪራይ ብትከፍሉበትም የሚጠይቃችሁ ከሌለ፣ ገቢ ነው። ሙሉውን ለኢንሹራንስ ብታውሉትም ያው ነው። አሠሪው ራሱ ለኢንሹራንሱ ከከፈለ፣ ወይም ደረሰኝ አይቶ የከፈላችሁትን ብቻ ከመለሰላችሁ፣ ታክስ የለበትም። ኤችአርኤ የሚባለው አካውንት የሚሠራው እንዲህ ነው። እሱም ቢሆን «ካልፈለጋችሁ በካሽ ውሰዱት» የሚል ምርጫ ካለበት ነፃ መሆኑ ይቀራል።

12 በመቶ ለሚከፍል ሰው 3,600ው 432 ዶላር ያስወጣል፣ ያውም የፌዴራሉ ብቻ። አንዳንዱ ላይ ከዚህም ይበልጣል። የሶሻል ሴኩሪቲያችሁ፣ ማለትም የመንግሥት ጡረታችሁ፣ ግማሽ ከሌላው ገቢ ጋር ተደምሮ ለነጠላ ሰው 25,000 ዶላር ካለፈ፣ ሶሻል ሴኩሪቲውም ታክስ ውስጥ መግባት ይጀምራል። ድጎማው ጎትቶ ያስገባዋል ማለት ነው። ይህች 25,000 ከ1984 ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም። የዛሬው ኑሮ የት እንደደረሰ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ። በዚህ እኔም እናደዳለሁ።

ይህን ቢሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ የከፈትኩ ሰሞን አንዲት እናት መጡ። «ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ደብሊው ቱ የለኝም» አሉኝ፣ አሠሪ የከፈለውን የሚያሳየውን የዓመቱን ወረቀት ማለታቸው ነው። አመንኳቸውና ሞልቼ ላክሁ። አሠሪያቸው ግን ለድጎማው ደብሊው ቱ ልኮ ኖሯል። ከጊዜ በኋላ የአይአርኤስን ደብዳቤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ሲፈቱት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ታክሱ፣ ወለዱ፣ በላዩ ላይ 20 በመቶ ቅጣት። ቅጣቱን ከኪሴ ከፈልኩ። ዛሬም ድረስ ልጆቻቸው እኔ ዘንድ ነው የሚያሠሩት።

ስለዚህ «እዚያ ማዶ ያለው ታክስ ሠሪ አያስገባውም» ስትሉኝ ያመኛል። የቢሮው ኪራይ ጨምሯል፣ ሶፍትዌሩም ጨምሯል። አንድ ደንበኛ ማጣት ለኔ ቀላል አይደለም። ግን ፊርማዬ ያረፈበት ወረቀት ነው። ደብዳቤው ሲመጣ በሩን የሚያንኳኳው የእናንተን ነው።

ደስ የሚለውንም ልንገራችሁ። ከ2025 ጀምሮ 65 ዓመት ለሞላው ሰው ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ 6,000 ዶላር ተጨማሪ ቅናሽ አለ፣ እስከ 2028 ይቆያል። ነጠላ ከሆናችሁና ገቢያችሁ ከ75,000 ካላለፈ ሙሉውን ታገኛላችሁ። በዚህ ምክንያት ድጎማው ገብቶም ምንም ያልከፈሉ አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አድርጉልኝ። ለቀድሞ አሠሪያችሁ ደውሉና «ድጎማው በደረሰኝ የሚመለስ መሆን ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በ2025 ለሜዲኬር ፓርት ቢ፣ ለአረጋውያን የመንግሥት የሕክምና ኢንሹራንስ፣ በወር 185 ዶላር ከሶሻል ሴኩሪቲያችሁ ሲቆረጥ ነበር። ብዙ ሰው ይህን እንደ ኢንሹራንስ ክፍያ አይቆጥረውም። ነው እንጂ! ፕላኑ ከፈቀደ ለእሱም ማስረጃ አቅርባችሁ ማስመለስ ትችላላችሁ።

ወረቀታችሁን ይዛችሁ የሄዳችሁም ብትሆኑ ኑ። ሌላ ቦታ ያሠራችሁትን ያለ ክፍያ አብረን እናየዋለን። እስከ ኤፕሪል 15 ቅዳሜም ክፍት ነን። ከአሠሪያችሁ የመጣውን ደብዳቤ ብቻ እንዳትረሱ፣ የትኛው ዓይነት ድጎማ እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የቢሮው ባለቤት