ግሽ ዓባይ ላይ ከብሩስ በፊት ማን ቆመ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጣናና ስለ ግሽ ዓባይ የወጣውን የጉዞ ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ፎቶዎቹ ደስ ይላሉ። እኔ የሰከላ ልጅ ነኝና አገሬን እንዲህ አሳምሮ ያየልኝን ጸሐፊ አመሰግናለሁ። ግን «የዓባይን ምንጭ መጀመሪያ ያየው አውሮፓዊ ጀምስ ብሩስ ነው» የሚለው አላስቀመጠኝም። ባሕር ዳር ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ለጎብኚ የሚታደል ወረቀትም ይህንኑ ይላል። ታሪክ የማስተምራቸው ልጆች ሳይቀሩ ደብተራቸው ላይ ገልብጠውት ይመጣሉ።

ስኮትላንዳዊው ብሩስ ግሽ የደረሰው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ነው። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ግን ኤፕሪል 21 ቀን 1618 እዚያው ምንጭ ላይ ቆሟል። ከ150 ዓመት በላይ ቀድሞታል! የሄደው ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ነው። ቂሮስና ካምቢስስ፣ ታላቁ እስክንድርና ዩልዮስ ቄሳር ሊያውቁት የተመኙትን በዓይኑ በማየቱ መደሰቱን ጽፏል። ያረፈውም ሩቅ አገር አይደለም፤ በ1622 ከጣና ማዶ ጎርጎራ ላይ ነው። ከእሱ በኋላ ፖርቱጋላዊው ጀሮኒሞ ሎቦም ስለ ምንጩ ጽፏል። ብሩስ የፓኤዝን ጽሑፍ ያውቀው ነበር። አውቆም ሰውየው እዚያ አልደረሰም ብሎ ተከራከረ።

ሌላም አለ። ብሩስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሰዓሊ አብሮት ነበር። ግሽም አብረው ወጥተዋል። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ የሞተው ከዚያ በኋላ፣ በ1771 ነው። ብሩስ በ1790 መጽሐፉን ሲያሳትም ግን ሰዓሊው ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። አብሮት የደከመን ሰው እንዲህ ከታሪክ ማውጣት እኔን በጣም ያሳዝነኛል።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን የእኛዎቹ መረሳት ነው። እነሱን እንኳ ብሩስ ራሱ በስም ጠርቷቸዋል፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል። የዳሞቱ ገዥ ፋሲል ነው መንገዱን የፈቀደለት። ወልዶ የሚባል አሽከሩንም መሪ አድርጎ ሰጠው። ወልዶ መንገድ ላይ አመመኝ ብሎ አነከሰ። ነገሩ ሌላ ነበር፤ የብሩስን ቀይ የሐር መቀነት ፈልጓል። መቀነቱን ሲያገኝ ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆሞ ቁልቁል ረግረጉ መሀል ያለችውን አረንጓዴ ሣር አሳየው። ጫማህን አውልቅ አለው። ብሩስ ጫማውን ወርውሮ ቁልቁለቱን ሮጠ፤ ከመሬት ወጣ ወጣ ባለው የአበባ ሥር ተደናቅፎም ሁለቴ ወደቀ። ዛሬም ቢሆን ጸበሉ ዘንድ በጫማ አይገባም። ጥር 13 ቀን ለአቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል የሚመጣው ሕዝብ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ነው የሚቀርበው።

ግሽ ላይ የተቀበሉት ደግሞ የምንጩ ጠባቂ የነበሩት አገው ሽማግሌ ናቸው፤ ክፍለ ዓባይ ይላቸዋል። ዕድሜያቸው 70 ገደማ፣ ጺማቸው ነጭ። ብሩስና ሰዎቹ እሳቸው ዘንድ ሰነበቱ። ኢረፖኔ የምትባል ልጃቸው የሚበላውን እየገዛች ቤቱን አስተዳደረችላቸው። ለመሆኑ እነዚህን አባትና ልጅ ሰከላ ውስጥ ስንት ሰው ያውቃቸዋል? እኔ ራሴ ተወልጄ ባደግኩበት አገር አንድም ቀን ስማቸው ሲነሳ አልሰማሁም። ያገኘኋቸው ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ከፈረንጅ መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ሁለት መስመር ይበቃል፤ የፓኤዝ ስምና 1618 ይኑርበት። የጎብኚ ወረቀት የምታሳትሙ ወገኖችም አዲስ ከማስባዛታችሁ በፊት ይህችን አስተካክሉ። የሰከላና የባሕር ዳር የባህልና ቱሪዝም ሰዎች ደግሞ ጀልባ መሳፈሪያውና ምንጩ መግቢያ ላይ በአማርኛና በአዊኛ የተጻፈ ሰሌዳ ብታቆሙልን ምን አለበት? ፓኤዝ፣ ብሩስና ባሉጋኒ ከነዓመተ ምሕረታቸው ይጻፉበት። ወልዶ፣ ክፍለ ዓባይና ኢረፖኔም ከነሱ እኩል በጉልህ ፊደል ይስፈሩ። ጽሑፉን እኔና ተማሪዎቼ አርቅቀን በነፃ እናቀርባለን።

አክባሪያችሁ፣
የታሪክ መምህር፣ ከባሕር ዳር