የካንሰር ታማሚን ለመሣል የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። የካንሰር ታማሚና ሠዓሊ ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ቋሚ አሠራር እንዲጀምሩ እንጠይቃለን። ለንደን ውስጥ ሠዓሊው ማርክ ጊልበርት ከቀዶ ሐኪሙ ኢየን ሃቺሰን ጋር ሆኖ በካንሰርና በአደጋ ፊታቸው የተጎዳ ሰዎችን ሥሏል፤ ሥዕሎቹም እ.ኤ.አ. በ2002 በብሔራዊው የፖርትሬት ጋለሪ ታይተዋል።

ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአገራችን ቤተሰብ የሕመሙን ስም ከታማሚው የሚደብቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ከመግባቱ በፊት ታማሚው ራሱ ሕመሙን ማወቁን ከሐኪሙ ያረጋግጥ፤ አለዚያ አንድ ቃል ወይም የኤግዚቢሽን መግለጫ ቤተሰቡን ያተራምሳል። ለመሣል መፍቀድና ሥዕሉ ለሕዝብ እንዲታይ መፍቀድም ለየብቻ ይጠየቁ።

ኬሞ (ካንሰርን በመድኃኒት የማከም ሕክምና) የሚወስድ ሰው ሽታ ይከብደዋል፤ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) የተከፈተበት ክፍል ማቅለሽለሹን ያባብሳል። እርሳስና ወረቀት ይበቃል፣ የዘይት ቀለም ስቱዲዮ ይቆይ። ብዙ የኬሞ ዙሮች በየ21 ቀኑ ይመላለሳሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም የሚበረታባቸው ናቸው፤ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚያንስ ጉንፋን የያዘው ሰው ድርሽ አይበል። ብዙውን ጊዜ የሚሻለው የመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ያም ቢሆን ሐኪም ወይም ነርስ ይጠየቅ። በየ20 ደቂቃው ዕረፍት ይሰጥ። የብብት የሊምፍ ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ክንዷ ሊያብጥ ስለሚችል ትራስ ላይ ታሳርፈው። ተራ በሚጠበቅበት አዳራሽ መሣል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ስሙ ሲጠራ እንዳያመልጠው እየሰጋ ተረጋግቶ አይቀመጥም።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው በእጅ ልማድ ነው። የረገፈው ቅንድብ ሳይታሰብ ይሞላል፣ በስቴሮይድ መድኃኒት ያበጠው ጉንጭ ይከሳል። ይህ ደግነት ይመስላል፤ ታማሚው ግን እንዳለሁ ልታየኝ አልቻልክም ማለት ነው ብሎ ይረዳዋል። በተቃራኒው የጎን ብርሃን አጥብቆ የጎደጎደውን ዐይን ማጋነን ሰውየውን ትቶ በሽታውን መሣል ነው። ሻሹ ይውለቅ አይውለቅ፣ ጠባሳው ይታይ አይታይ የሚወስነው የሚሣለው ሰው ብቻ ነው።

ሥዕሉ የማን እንደሚሆን፣ ታማሚው ቢያርፍ ቤተሰቡ ምን መወሰን እንደሚችል ከመጀመሪያው መስመር በፊት በጽሑፍ ይስፈር።

ከአክብሮት ጋር
ሠዓሊዎችና የጤና ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ