ሐሞትሽ የትም አይሄድም

ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሜሪላንድ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ የአንቺ ናፍቆት ካልሆነ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችን ቃል በየደብዳቤዬ ስጽፋት ኖሬያለሁ። ዛሬ እውነት ናት። እውነት ሳትሆን የነገርኩሽ ጊዜ ግን አለ፤ እሱን ልናዘዝልሽ ነው የተቀመጥኩት።

በኅዳር 2016 አንድ እሑድ ድምፄ ጎርንኖብሽ "ምን ሆነሻል?" ስትዪኝ "ጉንፋን ነው" ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ፣ ደረትሽን ሸፍኚ ብለሽ መከርሽኝ። ጉንፋን አልነበረም፣ እማዬ። ከሁለት ቀን በፊት የሐሞት ከረጢቴ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ነበር። ድምፄን ያጎረነነው በማደንዘዣው ጊዜ ለመተንፈሻ ጉሮሮዬ ውስጥ የገባው ቱቦ ነው። ትራስ ሆዴ ላይ አቅፌ አናገርኩሽ፤ ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ መታመሙን ብትሰሚ እንቅልፍ አይወስድሽም ብዬ ነው የደበቅኩሽ። አሁን ሳስበው በደልኩሽ። ይቅር በዪኝ።

አንቺም ከፋሲካ ወዲህ ያው እኔ የደበቅኩሽን ሕመም ስትደብቂኝ ከርመሻል። ውጋቱ ከቀኝ ጎንሽ ተነስቶ እስከ ትከሻሽ እየወጣ ሌሊቱን ሲያንከባልልሽ እንደሚያድር የነገረችኝ እትዬ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ጨጓራ ነው እየተባልሽ ተልባ ስትጠጪ፣ ኪኒን ስትውጪ ኖረሽ፣ በመጨረሻ አልትራሳውንዱ ጠጠሮቹን አሳየ። አገራችን ላይ ከደረት በታች ያመመው ሰው ሁሉ የጨጓራ በሽተኛ ነው፤ እኔም እዚህ ስድስት ወር ያህል ጨጓራዬ ነው ብዬ በርበሬ ትቼ ነበር። ሕመሙ በፋሲካ ማግስት የባሰብሽም ያለ ምክንያት አይደለም። ሃምሳ አምስት ቀን ቅባት ሳይቀምስ የቆየ ሆድ በዶሮ ወጥና በቅቤ ሲፈታ፣ ከረጢቱ ስቡን ለማስፈጨት ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ ጠጠሩ መውጫው ላይ ይወተፋል። ያ ነው ሌሊት የሚያስጮህሽ።

እትዬ አንድ ነገር ጨምራ ነገረችኝ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። "ሐሞቴን አውጥተው ሐሞተ ቢስ አድርገው ሊያስቀሩኝ ነው?" አልሽ አሉ። እኔም ከመግባቴ በፊት ባለው ሌሊት ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ቋንቋችን ድፍረትን ሐሞት ውስጥ አስቀምጦብናል። ደፋሩ ሐሞተ ኮስታራ ነው፤ የፈራውም ሐሞቱ ፈሰሰ ይባላል።

ግን አንቺ ይህችን ከረጢት ከእኔ በላይ ታውቂያታለሽ። በበዓል በግ ሲታረድ የሆድ ዕቃው ትሪ ላይ ይመጣልሽ ነበር። ጉበቱን ገልበጥ ታደርጊና ከሥሩ የተጣበቀችውን አረንጓዴ ከረጢት በሁለት ጣትሽ አንገቷ ላይ ይዘሽ፣ ትንፋሽሽን ውጠሽ፣ በቢላዋ ጫፍ ቀስ እያልሽ ትለዪያታለሽ። "ከፈሰሰች ሥጋው ሁሉ ይመራል" እያልሽ ከአጠገብሽ ታርቂን ነበር። ሐኪሙም የሚያደርገው እሱኑ ነው፤ በአንቺ ጥንቃቄ።

ሐሞትን የሚሠራው ደግሞ ጉበት ነው እንጂ ከረጢቷ አይደለችም። ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሐሞት ያመነጫል፤ ከረጢቷ የምትይዘው ከአንድ የቡና ስኒ አይበልጥም። እሷ ስትወጣ ሐሞቱ ሳይጠራቀም በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል። ስለዚህ ሐሞትሽ የትም አይሄድም። ፈረስ ደግሞ ሲፈጠርም ይህች ከረጢት የለችውም፤ ግመልም፣ ርግብም የላቸውም። ጀግኖቻችን አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ እየተባሉ በፈረሳቸው ስም የተጠሩበት አገር ልጅ ነሽ፤ ፈረስን ፈሪ ያለ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ጎረቤት በሎሚና በዘይት ይሟሟል ያለሽን እባክሽ አትሞክሪው። ዘይቱ ከረጢቷን ያስጨምቃል፤ ሕመሙን እንጂ ጠጠሩን አያወጣም። ከዚህ በላይ መቆየትም የሚያስፈራ ነገር አለው። ጠጠሩ ከከረጢቷ አምልጦ የሐሞት መውረጃውን ከዘጋ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይመጣል፣ ቆሽትም ሊቆጣ ይችላል። ያን ጊዜ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ዛሬ በሰላሙ ጊዜ እንደሚደረገው አይቀልም።

ቀጠሮሽ ሐምሌ 16፣ በኪዳነ ምሕረት ቀን መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ ውጪ፤ የዓባይን ቁልቁለትና ዳገት አልፈሽ በማግስቱ ሆስፒታል እንድትገቢ አልፈልግም። የግፊት ኪኒንሽን ከነማሸጊያው ይዘሽ ሂጂና ለሐኪሙ አሳዪው። ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውኃ ትውጪው ወይም ትተዪው የሚወስነው እሱ ነው። ለራስ ምታት የምትወስጂው አስፕሪንም፣ የምትጠጪው ፌጦም ሳይቀር ሁሉንም ንገሪው። "ይህን ብነግረው ይቆጣኛል" ብለሽ የምትደብቂው ነገር አይኑር።

ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ከተባልሽበት ሰዓት በኋላ ምንም አትቅመሺ። ጾም ለአንቺ አዲስ አይደለም፤ የምሰጋው ስለ ጸበሉ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ጸበል ሳትጠጪ እንደማትወጪ አውቃለሁ። ማታውኑ ጠጪው፤ ጠዋት እትዬ ግንባርሽን ትርጭሽ። በማደንዘዣ የተኛ ሰው ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል ነው የሚከለክሉት። ጣትሽ ላይ ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ ይሰካልሽ ይሆናልና በዚህ ሰሞን እንሶስላ አትሙቂ። የአንገት መስቀልሽን ለእትዬ ስጫት፤ የማተብሽ ክር እንዲቆይ ግን ነርሷን ለምኛት፤ የእኔን በፕላስተር ሸፍነው ትተውልኛል።

ማደንዘዣውን እንደምትፈሪ አውቃለሁ። እኔ ከአንድ እስከ አምስት ልቆጥር ጀምሬ ሦስት ላይ መድረሴን አላስታውስም፤ ቀጥሎ የሰማሁት ስሜን የምትጠራ ነርስ ነው። ለእኔ አንድ ሰዓት ያህል ነበር የፈጀው። ሆድን በአራት ትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ እያዩ ነው የሚሠሩት። ውስጡ ተቆጥቶ ወይም ተጣብቆ ካገኙት ግን ከጎድን አጥንትሽ በታች ሊከፍቱት ይችላሉ። እንዲህ ሆኖ ብትነቂ አንድ ነገር ተበላሸ ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ ሐኪሙ ለሕይወትሽ ሲጠነቀቅ ነው። ልዩነቱ የማገገሚያው ጊዜ ነው፤ በቀዳዳ ከሆነ አንድ ሁለት ሳምንት፣ ከተከፈተ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ።

ከነቃሽ በኋላ የሚሆነውን ቀድሜ ልንገርሽ፤ እኔን የነገረኝ ስላልነበረ ፈርቻለሁ። በቀኝ ትከሻዬ ላይ ስለት የገባ ይመስል ነበር። ሆዴ ተቀዶ ትከሻዬ ለምን ያመኛል ብዬ ልቤን መስሎኝ ነበር። ለካ ሆድን ለመንፋት ካስገቡት ጋዝ የቀረው ነው። የሚያስወጣው እርምጃ ነው፤ በዚያው ቀን ማታ ነርሷን ይዘሽ ከአልጋው እስከ በሩ ሂጂ፣ ተመለሺ። ስትስዪና ስትስቂ ትራስ ሆድሽ ላይ ጫን አድርጊ። የሕመም ማስታገሻውን ሳይብስብሽ በሰዓቱ ዋጪ። አምጠሽ ሰባት የወለድሽ ሴት ነሽ፤ መቻልሽን ማንም አይጠይቅሽም። በሕመም የተኛ ሰው ግን አይራመድም፣ ጠልቆም አይተነፍስም፤ ሳንባ የሚታመመውም፣ ደም የሚረጋውም በዚያ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጭንቀቴ ልምጣ፤ ጠያቂዎችሽ። ሰፈሩ ሁሉ ይወድሻል፤ እንደ አራስ ገንፎ በቅቤ፣ ዶሮ ወጥ፣ ቅንጬ ተሸክሞ ይመጣል። እምቢ ማለት እንደማይሆንልሽ አውቃለሁና እትዬን "ሐኪም ከልክሏታል" እንድትልልሽ አደራ ብያታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅቤውና ጮማው ይቅር፤ ሐሞቱ ሳይጠራቀም ስለሚወርድ ብዙ ስብ በአንድ ጊዜ ሲገባ ሆድ ይላቀቃል። አጥሚት፣ ዘይት ያልበዛበት ሽሮ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ፓፓያ፤ ጥቂት ጥቂት እያልሽ ቶሎ ቶሎ ብዪ። እኔ በአሥረኛው ቀን አልጫ በእንጀራ በላሁ፤ ሁለት ወር ሳይሞላኝ ገና ሲደርስ ዶሮ ወጡንም በላሁት፣ ምንም አልሆንኩም።

ፍልሰታ ገና አሥራ አምስት ቀንሽ ሳለ ይገባል። ምግቡ ለአንቺ ተስማሚ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየቱና መድኃኒትን ያለ ምግብ መዋጡ ግን አይሆንም። የንስሐ አባትሽን ከመሄድሽ በፊት አናግሪያቸው። ለበሽተኛ እንደሚፈቅዱ ራስሽ ነሽ ያስተማርሽኝ።

የውኃ ጀሪካን አታንሺ፣ ምጣድ ላይ አትጎንበሺ፣ ቡና አትውቀጪ። ቁስሉ ላይ ቅቤም ሆነ ቅጠል አይደረግበት፤ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ እንደ ጠላ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም የሆድሽ ሕመም እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከጨመረ፣ ሌሊትም ቢሆን እትዬን ቀስቅሻትና ወደ ሆስፒታል ሂዱ። "ይንጋ" አትበዪ። ደግሞም የቀጠሮ ምርመራሽን ሳትጨርሺ ወደ ማርቆስ አውቶቡስ አትሳፈሪ፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዶሮዎቹን ታናሽ ወንድሜ ይጠብቃል።

ፊደሉን ትልቅ አድርጌ የጻፍኩት ያለ መነጽር እንድታነቢው ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እኔን አዝለሽ የቆጠርሽው ፊደል ነውና ማንም አያንብብልሽ፤ ስለ ደበቅኩሽ ነገር የጻፍኩትን ራስሽ አንብቢው።

በዚያች ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስትገቢ እዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። አልተኛም። እትዬ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ስታደርግልሽ ድምፅሽ እንደሚጎረንን አውቃለሁ፤ "ደህና ነኝ" አትበዪኝ፣ እማዬ። የት እንደሚያምሽ ንገሪኝ።

ሁልጊዜ የምትናፍቅሽ ልጅሽ