የኋላ ክፍላችን ለምን እንደተዘጋ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፦

የኋላውን ክፍል ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘግተን ስላቆየንባችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። በዚህ ሙቀት በረንዳው ላይ ተጨናንቃችሁ ሻይ ስትጠጡ አይተናል፤ ጠዋት ፉል ለመብላት መጥታችሁ ወንበር ያጣችሁበትም ቀን አለ። «እዚያ ውስጥ ምን እየሠራችሁ ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ቤቲንግ ልንከፍት ነው የሚል ወሬም ጆሯችን ገብቷል። ቤቲንግ አንከፍትም። ነገሩ ምን እንደሆነ ከሥሩ እናስረዳችሁ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው የከረንቡላ፣ ማለትም በሦስት ኳስ የሚጫወቱት የቢሊያርድ ዓይነት፣ ጠረጴዛ ነው፤ ያውም የ«ካዚኖው» ጠረጴዛ። አርባን ያለፋችሁ የሰፈራችን የከዚራ ልጆች ይህን ስታነቡ የምታስታውሱት አታጡም። ለወጣቶቹ ግን ልንገራችሁ፦ ካዚኖ የምንለው ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛፎቹ ሥር የነበረ ቤት ነው። አንድ ሰፊ ክፍልና አንድ በረንዳ፣ በሩ ላይ ምንም ጽሑፍ የለ። ስሙን ያወጡለት የምድር ባቡር ሠራተኞች ናቸው። ቃሉ በጣልያንኛ ትንሽ ቤት ማለት ነው፤ የቁማር ቤት መጠሪያ የሆነው ኋላ ነው። የእኛው ካዚኖ ትንሽ ቤት እንደሆነ ቀረ። ዳማ ነበር፣ ዶሚኖ ነበር፣ መሃል ላይ ይህ ጠረጴዛ ነበር። በገንዘብ መጫወት ግን ክልክል ነው። የተሸነፈ የጠረጴዛውንና የሻዩን ሒሳብ ይከፍላል፣ አለቀ።

ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ለመግባት ከዚያ በኋላ ወደ 15 ዓመት ፈጅቶበታል። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ካዚኖ ውስጥ ነጥብ የሚቆጠረው በፈረንሳይኛ ነበር፤ «አን፣ ዶ፣ ትሯ» እያሉ። ክርክሩ ግን በአማርኛ ይጀመርና በኦሮምኛ ይጦፋል፣ በሶማልኛ ይበርዳል። አባቴ የባቡሩ ዕቃ መጋዘን ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲወጣ እጄን ይዞ ይወስደኝና ከመስኮቱ ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ ያስቀምጠኛል። በጆንያ የተጠቀለለ የውሃ እንስራ አጠገቤ አለ፤ ጆንያው ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ በሙቀቱ ሰዓት ጉንጬን አስጠጋው ነበር። መጀመሪያ ስቴካ፣ የኳሱን መምቻ ዘንግ፣ ያስያዙኝ አንድ ጡረተኛ የባቡር ነጂ ናቸው። «አቦ፣ አታጥብቀው እንጂ! ይተንፍስበት» ይሉኝ ነበር፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያላቀቁ።

የካዚኖውን ባለቤት ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ጠረጴዛው እንጨት ላይ ብርጭቆ ያስቀመጠን ሰው አይቆጡም። ዝም ብለው መጥተው ብርጭቆውን ያነሡና ይዘውት ይሄዳሉ፤ ሻዩ በዚያው ቀረ ማለት ነው። ሁለተኛ ያስቀመጠ ሰው አላየሁም። ቀረፋና ቅርንፉድ የሚገባበትን ያን ሻይ እኛ ዛሬም በእሳቸው አፈላል ነው የምናፈላው፤ አስተምረውናል።

ጠረጴዛውን የገዛንበትን ምክንያት ግን ልንገራችሁ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከተማዋን ሲመታ ከ200 በላይ ሰው ሞተብን። የብዙዎቻችሁ ቤት ሐዘን ገብቷል፣ ዝርዝሩን አላነሣም። በማግስቱ የካዚኖ ሰዎች እንደልማዳቸው አንድ በአንድ መጡ፣ ስቴካ ያነሣ የለም። እትዬ ሦስቱን ኳሶች የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከተው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉ። ጠረጴዛው ላይ አንሶላ ተነጠፈና ከየቤቱ የመጣው ብርድ ልብስ፣ የልጆች ልብስ፣ ዳቦ እዚያ ላይ ተከመረ። ልብሱን በልክ በልክ እየለዩ የሚያጥፉት እነዚያው አን፣ ዶ፣ ትሯ የሚሉት ሽማግሌዎች ናቸው። አባቴ የአንዲት ሕፃን ጫማ ግራውን ይዞ ቀኙን ሲፈልግ ረጅም ሰዓት ቆየ። ጨርቁ ላይ የዚያን ጊዜ የጭቃ እድፍ ነበረበት፤ እትዬ እንዲቀየር አልፈቀዱም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። የድሮው ባቡር ቆመ፣ ሽማግሌዎቹ አነሱ፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ሲጀምር ጣቢያው ከከተማ ውጭ ሆነ። እትዬም ደከሙና ቤቱን ዘጉ። ጠረጴዛውን ለእንጨቱ ሲሉ ሊገዙ የመጡ ነበሩ። ያን ስንሰማ ተበድረንም ቢሆን ቀድመን ገዛነው።

ሥራው ለምን ሦስት ሳምንት ፈጀ ላላችሁን፦ ከጨርቁ ሥር ያለው ድንጋይ ነው፣ ሦስት ወጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ። ስምንት ሰው ሆነን ተሸክመን ነው ያስገባነው፤ የኋላ በሩም ጠቦ መቃኑን መንቀል ግድ ሆነብን። የመጫወቻው ሜዳ 2 ሜትር ከ84 ሳንቲ ሜትር በ1 ሜትር ከ42 ነው፣ ኪስ የለውም። አንዱ ጥግ በጥቂቱ እንኳ ዝቅ ካለ ኳሱ ወደዚያ ስለሚያዘነብል እያንዳንዱን እግር በውሃ ልክ እያየን አስተካክለናል። አዲሱ ጨርቅ ከአዲስ አበባ እስኪመጣም ጠብቀናል። በነገራችን ላይ፣ ውጭ አገር የውድድር ጠረጴዛዎችን ጨርቁ እርጥበት እንዳይዝ ከሥር በኤሌክትሪክ ያሞቋቸዋል፤ ለእኛ ይህን የድሬ ፀሐይ ይሠራልናል። አሮጌውን ጨርቅ አልጣልነውም። እድፉ ያለበትን ክፍል ቆርጠን በመስታወት አድርገን ግድግዳው ላይ ሰቅለነዋል።

ክፍሉን ለውርርድ ብናከራየው በየወሩ የሚገባው ገንዘብ ይህ ጠረጴዛ በዓመት ከሚያስገባው እንደሚበልጥ አስልተው ያሳዩን ወዳጆች አሉ። ስሌታቸው ልክ ነው። እኛ ግን ልጆቻችሁ ማታ ማታ ኪሳቸውን አራግፈው ሲወጡ ማየት አንፈልግም። ስለዚህ ሕጉ የድሮው ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ገንዘብ አይያዝም፣ ብርጭቆ እንጨቱ ላይ አይቀመጥም። ለምድር ባቡር ጡረተኞች ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት በነፃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሒሳቡ በሰዓት ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ከድሮው ቤት አንወስድም። ከእትዬ በቀር ሴት የማይገባበት ቤት ነበር፤ ይህኛው ለእኅቶቻችንም ክፍት ነው፣ እሳቸውም ሰምተው ደስ ብሏቸዋል።

የፊታችን እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንከፍታለን። የመጀመሪያውን ኳስ የሚመቱት እትዬ ናቸው።

ከጠረጴዛው ጋር አራት ስቴካዎች አብረው መጥተዋል። በሦስቱ እጀታ ላይ በቢላ የተቀረጸ የስም መነሻ ፊደል አለ፦ በአንዱ «ተ»፣ በአንዱ «መ»፣ በአንዱ ደግሞ «ዩ»። የራሳችሁ ወይም የአባታችሁ ከሆነ መጥታችሁ ውሰዱ። አራተኛው የአባቴ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤቱ ባለቤትና ሠራተኞች
ከዚራ፣ ድሬዳዋ