ዕጩነት ብቻውን የሕይወት ታሪክ ገጽ አያስገኝም፤ ድምፁ ግን ይመዝገብ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ምርጫ በተቃረበ ቁጥር፣ ካለፈም በኋላ፣ እዚህ ጎንደር በተማሩ ወጣቶች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወይም ለክልል ምክር ቤት ተወዳድሮ ያልተመረጠ ሰው፣ ፓርቲው ትንሽ ቢሆን ወይም እርሱ ራሱ የግል ዕጩ ቢሆን፣ ዊኪፔዲያን በመሰለ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ በስሙ የተከፈተ ገጽ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል ነው። ታሪክ የማስተምር ሰው እንደ መሆኔ ጉዳዩን እንደ ትርፍ ሰዓት ጨዋታ አላየውምና አቋሜን በጋዜጣችሁ በኩል ለአንባቢ ለማቅረብ ወደድኩ። በእኔ እምነት ዕጩ ሆኖ መቅረብ ብቻውን ለሕይወት ታሪክ ገጽ በቂ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስም፣ የቆመለት ፓርቲና ያገኘው ድምፅ፣ የምርጫ ክልሉን ውድድር በሚተርክ ገጽ ላይ አንድም ሳይቀር ሊሰፍር ይገባል።

በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ስለ ፖለቲከኞች የተደነገገው መመሪያ ግልጽ ነው። የአገር አቀፍ ወይም የክልል ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል የሆነ ሰው ገጽ እንደሚገባው አስቀድሞ ይገመታል፤ ያልተመረጠ ዕጩ ግን በዕጩነቱ ብቻ ይህን ግምት አያገኝም። እርሱ ገጽ የሚኖረው ከራሱም ከፓርቲውም ነፃ የሆኑና የሚታመኑ ምንጮች፣ ማለትም ጋዜጦች፣ መጻሕፍት ወይም ጥናቶች፣ በስፋት ጽፈውለት ከተገኘ ነው። ይህን የማያሟላ ገጽ እንዲሰረዝ ማንኛውም አርታኢ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ ለውይይቱም በመደበኛው አሠራር ሰባት ቀን ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜም ገጹ ቀርቶ ስሙን የሚፈልግ አንባቢ ወደ ምርጫው ገጽ እንዲመራ ይደረጋል። የቅስቀሳ ወቅት ሁሉም ራሱን የሚያስተዋውቅበት ጊዜ በመሆኑ፣ ይህ ጥንቃቄ ባይኖር ኖሮ መዝገበ ዕውቀቱ የቅስቀሳ ፖስተር መለጠፊያ ግድግዳ ይሆን ነበር።

መመሪያው ግን እንከን አለው፤ እንከኑም በሥልጣን ላይ ያለውን ሰው ሳያስበው መጥቀሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ አይዋ ግዛት ለሴኔት የተወዳደሩት ቴሬሳ ግሪንፊልድ የአንድ ትልቅ ፓርቲ ዕጩ ሆነው ሳለ፣ ገጽ ይገባቸዋል አይገባቸውም የሚለው ክርክር ለወራት ሲጓተት ከረመ። በመንበሩ ላይ የነበሩት ተቀናቃኛቸው ጆኒ ኧርንስት ግን ሴናተር በመሆናቸው ሙሉ ገጽ ነበራቸው። መራጩ ስለ አንዷ ሁሉን ሲያነብ ስለ ሌላዋ ባዶ ይገጥመው ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለው መዛባት ጋዜጣና ቴሌቪዥን በበዛበት አገር ከተከሰተ፣ በእኛ አገር ጉዳቱ የቱን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

የራሳችንን የምርጫ ታሪክ እንመልከት። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ፣ በቅድሚያ ውጤታቸው ይፋ ከተደረገው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና ፓርቲ 410ሩን አሸነፈ። የምርጫ ሥርዓታችን በአንድ የምርጫ ክልል ብልጫ ያለውን ድምፅ ያገኘ ዕጩ መቀመጫውን የሚወስድበት ስለሆነ፣ ለተሸናፊው የተሰጠው ድምፅ፣ በሺህ የሚቆጠርም ቢሆን፣ ምክር ቤቱ ውስጥ አይታይም። መዝገበ ዕውቀቱም መቀመጫ ስላገኙት ብቻ የሚጽፍ ከሆነ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የ2007ን ምርጫ የሚያጠና ተማሪ በየወረዳው ማን ከማን ጋር እንደ ተፎካከረ፣ ምን ያህልስ ሰው ሌላ አማራጭ እንደ መረጠ የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም።

ይህን ያነሡ ወጣቶች ታዲያ ለሁሉም ገጽ ይከፈት ይላሉ። ቁጭታቸውን እጋራለሁ፤ መፍትሔያቸውን ግን አልቀበልም። በ2013 ዓ.ም. ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤቶች የቀረቡት ዕጩዎች ከ9 ሺህ በላይ ነበሩ። በአማርኛው ዊኪፔዲያ ያሉት ጽሑፎች በሙሉ፣ ስለ ወንዝም ስለ ንጉሥም ስለ በሽታም የተጻፈው ተደምሮ፣ 15 ሺህ ገደማ ናቸው። በአንድ ምርጫ የተወዳደረ ሁሉ ገጽ ይከፈትለት ብንል፣ አብዛኛው ገጽ ከስም፣ ከትውልድ ቦታ፣ ከፓርቲና «አልተመረጠም» ከሚል ቃል የሚያልፍ ነገር አይኖረውም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሰዎቹ የሚደርስባቸው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጆን ሲገንታለር የተባሉ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ጋር ንክኪ እንደ ነበራቸው ተደርጎ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የሐሰት ታሪክ ተጽፎባቸው፣ ጽሑፉ ለአራት ወራት ያህል ማንም ሳያርመው ቆይቷል። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰው በሚጠብቀው ቋንቋ እንዲህ ከሆነ፣ ንቁ አርታኢዎቹ ጥቂት በሆኑበት በአማርኛው፣ በአንድ የደምቢያ ወይም የወገራ ዕጩ ገጽ ላይ የሰፈረ ስም ማጥፋት ስንት ዓመት ሊቆይ ነው? በክልላችን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንባቢ ያውቃል። በዚያ ጊዜ ጎንደር ያለ ሰው በስሙ የተጻፈውን ማረም ቀርቶ ማየትም አይችልም ነበር፤ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ግን የፈለገውን መጻፍ ይችላል። የተሸነፈ ዕጩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መምህርነቱ፣ ወደ ንግዱ ወይም ወደ እርሻው የሚመለስ ሰው ነው። ብሔሩን፣ ቤተሰቡንና የትውልድ ቀበሌውን ዘርዝሮ ሁልጊዜ ተገልጦ የሚኖር ገጽ፣ በዛሬው ሁኔታችን፣ ክብር ሊሆንለት ይቅርና አደጋ ሊሆንበት ይችላል።

ስለዚህ ገጹ ለውድድሩ ይከፈት እላለሁ። ለእያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ ገጽ ቢኖር፣ በእያንዳንዱ ምርጫ ዘመን የተወዳደሩት ሁሉ ከነፓርቲያቸው፣ የተመዘገበው መራጭ ብዛት፣ እያንዳንዱ ያገኘው ድምፅ፣ ቅሬታ ቀርቦም እንደ ሆነ የተሰጠው ውሳኔ በአንድ ቦታ ይገኛል። በሕጉ መሠረት ውጤት በየምርጫ ጣቢያው ደጃፍ ይለጠፋል፤ ሰኔ ግን የክረምት መግቢያ ነው፤ ወረቀቱ ከዝናቡ አያልፍም። የጎንደር ነገሥታት ዜና መዋዕል የተጻፈው በቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች እጅ ስለሆነ ተሸናፊውን የሚያየው በአሸናፊው ዓይን፣ ዓመፀኛ ብሎ ነው፤ ቢሆንም ስሙን ጽፎታል፤ እኛም ዛሬ ማን በማን ላይ እንደ ተነሣ የምናውቀው በዚያ ነው። የእኛ ዘመን መዝገብ ከዚያ ያነሰ መሆን የለበትም።

ከዚህ አጠቃላይ አሠራር የሚወጡ ሰዎች መኖራቸውን አልክድም። የመጀመሪያዋ የምክር ቤት ተመራጭ ሴት የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ በአንድ ወቅት የጎንደር ከንቲባ የነበሩት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1957ቱ ምርጫ ባይመረጡ ኖሮ እንኳ፣ በጠላት ወረራ ዘመን ስለ ከፈሉት መሥዋዕትነት፣ ስለ ደራሲነታቸውና የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ስለ መምራታቸው ገጽ በተገባቸው ነበር። በ2013 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ በዕጩነት እንዲመዘገቡ የሰበር ሰሚ ችሎት የወሰነላቸው የባልደራስ ፓርቲ አመራሮችም፣ ባያሸንፉም፣ ጉዳያቸው በስፋት የተጻፈና ለሕግ ተማሪ ሁሉ የሚጠቅም ነው። የእነዚህ ሰዎች ገጽ የሚቆመው በተጻፈ ነፃ ምንጭ ላይ ነው።

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነፃ ምንጭ ከሰማይ አይወርድም፤ ጋዜጣ ካልጻፈው ማንም አይጽፈውም። ጋዜጦቻችን ስለ ፓርቲ ሊቀ መናብርትና ስለ አዲስ አበባ ክርክሮች ብዙ ይጽፋሉ፤ ከጎንደር ዙሪያ ወይም ከጭልጋ ስለ ቀረበ ዕጩ ግን አንድ አንቀጽ ማግኘት ጭንቅ ነው። ስለዚህ ስለ እርሱ ሊጽፍ የፈለገ ወጣት ያለው ምርጫ የፓርቲው የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ብቻ ይሆናል፤ ያም ነፃ ምንጭ አይደለምና ጽሑፉ ቢሰረዝ አይፈረድም። ጋዜጣችሁ ከሚመጣው ምርጫ ጀምሮ የየምርጫ ክልሉን ዕጩዎች ዝርዝር ቢያትም፣ ለትንሹም ለትልቁም ዕጩ ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድና ስለ ጸጥታ ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርቦ መልሳቸውን ጎን ለጎን ቢያወጣ፣ ከምርጫው በኋላም የአሸናፊውን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ድምፅ ቢዘግብ፣ ወጣቶቻችን በእጃቸው የሚይዙት ምንጭ ያገኛሉ። የምርጫ ክልሎቹን ገጾች ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች በጎንደር አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህር፣ ከጎንደር