ለድሬ ልጆች ደጋን ላስያዛችሁ ሁሉ

ባለፈው እሁድ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ላይ የልጆቻችንን የመጀመሪያ የቀስት ውድድር አካሄድን። አልሃምዱሊላህ፣ ማንም ሳይጎዳ ተጠናቋል። የብዙ ሰው እጅ ስላለበት ምስጋናዬን በይፋ ላድርስ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ውጭ አገር ስኖር የሪከርቭ ቀስት ተወዳዳሪ ነበርኩ። ኦሊምፒክ ላይ የምታዩት ዓይነት ነው። ርቀቱ 70 ሜትር ነው። 10 ነጥብ የምታሰጠው ክብ ግን ስፋቷ 12.2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የስኒ ማስቀመጫ ብታክል ነው። በማጣሪያው 72 ቀስት ይተኮሳል። ያን ሁሉ የሚሸከመው ትከሻ ነው፤ የኔም በመጨረሻ እምቢ አለ። ጅማቱ ተበጥሶ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ውድድር በዚያው አበቃ።

ከዚያ ሐዘን ያወጣችኝ ታላቅ እህቴ ናት። «አቦ ተነሽ! ድሬ ነይና ለልጆቹ አሳያቸው» እያለች በስልክ ነዘነዘችኝ። እህትዬ፣ ኑሪልኝ።

ሜዳውን ያለ ኪራይ የሰጡን አባት፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ከኢላማው ጀርባ ረጅም የድንጋይ አጥር ስላለ ያመለጠ ቀስት መንገድ አይወጣም። ለኢላማው ካርቶን ያጠራቀማችሁልን የታይዋን ገበያ ነጋዴዎችም ተባረኩ። ካርቶኑ ተደራርቦ በደንብ ካልተጨመቀ ቀስት ሰንጥቆት ያልፋል። አናጢያችን እያፈረሰ ደጋግሞ ሠራው፤ የእጁን ዋጋ ስንጠይቀው «ልጄም እኮ እዚያው ነች» አለን።

ፀሐይዋ ሳትበረታ ከንጋቱ 12 ሰዓት ልጆቻችሁን የምታደርሱ ወላጆች፣ ክብረት ይስጥልን። ስለ ልጆቻችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዓለም ውድድር ሕግ ሁለት ፊሽካ ሲነፋ ወደ መስመር ይቀረባል፣ በአንድ ይተኮሳል፣ በሦስት ቀስት ይሰበሰባል። እሁድ ዕለት አንድ አባት ፎቶ ሊያነሳ መስመሩን ሊያልፍ ሲል፣ የ9 ዓመቷ ልጃችን ክንዷን ዘርግታ አቆመችው። «አባባ፣ ሦስት ፊሽካ አልተነፋም!» ካገኘኋቸው ሜዳሊያዎች ሁሉ ይህቺ ትበልጥብኛለች። ከልቤ ነው።

የቀድሞ ክለቤ ልጆች፣ ለጀማሪ የሚሆኑ ቀላል ደጋኖች ባትልኩልን ኖሮ ይህ ሁሉ አይታሰብም ነበር። በግራ እጃቸው የሚስቡት ልጆቻችን አሁንም ተራ እየጠበቁ ነው። የነሱም ደጋን መንገድ ላይ ነው ብላችሁኛል፤ ስለሱም ከወዲሁ አመሰግናለሁ።