የጂኦግራፊ ክበብ የ2017 የትምህርት ዘመን ዘገባ፦ ካርታን ማንበብ፣ ዝናብን መለካት

የጂኦግራፊ ክበባችን በጥቅምት ወር የመጀመሪያ ስብሰባውን ሲያካሂድ ለአባላቱ ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም የማኅበራዊ ሳይንስን ዘርፍ ለምን መረጣችሁ የሚል ነው። ከአሥራ አንደኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመጡት ተማሪዎች ጥቂት ካመነቱ በኋላ የሰጡት መልስ በአብዛኛው ተመሳሳይ ሆነ፤ ሒሳብ ስለማይበዛበት፣ ጂኦግራፊም ቢሆን ከተሸመደደ ስለሚታለፍ ነው አሉ። ቅንነታቸውን ባደንቅም መልሱ አሳስቦኛል፤ የወንዞችን ርዝመትና የተራሮችን ከፍታ በቃሉ የሚያንበለብል ተማሪ ካርታ ሲቀርብለት ዳገቱን ከቁልቁለቱ መለየት ሲያቅተው በየዓመቱ አያለሁና። ስለዚህ የዓመቱን ዕቅድ ስናወጣ በሽምደዳ ሊወጡት የማይቻለውን የትምህርቱን ክፍል፣ ማለትም ካርታ ንባብንና ልኬትን፣ ብቻ እንድንይዝ ተስማማን።

መነሻችን አዲስ አበባን የሚያሳየው 1፡50,000 ስኬል ያለው ቶፖግራፊክ ካርታ ነበር። በዚህ ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ማለት ሲሆን፣ በሁለት ተከታታይ የኮንቱር መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኙ መስመሮች) መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ነው። የመጀመሪያው ሥራ እያንዳንዱ አባል ሰፈሩን እንዲፈልግ ማድረግ ነበር፤ ካርታው የቆየ በመሆኑ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት ቦታ ላይ የእርሻ መሬት ያገኙ ልጆች መሳሳታቸውን እንጂ ከተማዋ መስፋቷን ለመጠርጠር ጊዜ ወስዶባቸዋል። የሚገርመው ግን ልጆቹ ሳያውቁት ኮንቱር አዋቂዎች መሆናቸው ነው። የአዲስ አበባ ሰው አቅጣጫ ሲጠየቅ ሰሜንና ደቡብ አይልም፤ «ትንሽ ወደ ላይ ውጣና ወደ ታች ታጠፍ» ይላል እንጂ። ይህ አነጋገር ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ እየወረደች የተሠራች መሆኗን በትክክል ይናገራል። የኮንቱር መስመር ሸለቆ ሲያቋርጥ ጫፉ ወደ ወንዙ መነሻ እንደሚያመለክት፣ በተረተር ላይ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ቁልቁለቱ እንደሚያጎብጥ ያስረዳኋቸው ከዚህ አነጋገር ተነሥቼ ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር የቆየው ትልቁ ሥራችን ይህንኑ መሬት በካርቶን መገንባት ነበር። ካርታውን ወደ 1፡25,000 አሳድገን 15 ኪሎ ሜትር በ20 ኪሎ ሜትር የሆነውን ስፍራ 60 ሴንቲ ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር ላይ አወጣነው፤ ከዚያም ከ2,200 እስከ 3,100 ሜትር ያሉትን አሥር የ100 ሜትር ኮንቱሮች አንድ በአንድ እየቆረጥን ደራረብን። የሰበሰብነው የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ስለነበር፣ በዚህ ስኬል አንዱ ካርቶን ልክ 100 ሜትር ሆነልን፤ እኔም በዚህ መገጣጠም እጅግ ተደስቼ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ግን ጠቅላላ ከፍታው 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ፤ እንጦጦም ከጠረጴዛ ላይ እንደተጣጠፈ ጋቢ ዝቅ ብሎ ታየ። «ተራራው የት ሄደ?» ያለችው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ጥያቄ የሁለት ክፍለ ጊዜ ትምህርት አመጣች፤ ምድር ምን ያህል ሰፊ፣ ተራሮቿም ከስፋቷ አንጻር ምን ያህል ዝቅተኛ እንደሆኑ፣ የካርታና የሞዴል ሠሪዎችም ከፍታን ሆን ብለው የሚያጋንኑት ለዓይን እንዲታይ መሆኑን ተወያየን። በመጨረሻ እያንዳንዱን እርከን በሁለት ካርቶን አድርገን ከፍታውን በእጥፍ አጋነንነው፤ ይህንንም በሞዴሉ ግርጌ ጽፈናል። የ2,300 ሜትሩን መስመር በቀይ ቀለም ስንቀባው፣ በመማሪያ መጻሕፍት በወይና ደጋና በደጋ መካከል የሚሰጠው ድንበር በከተማችን ውስጥ ሲያልፍ ማየት ብዙዎቹን አስገርሟል።

በየካቲት ወደ እንጦጦ ወጣን። ዓላማው የውኃ መለያውን መስመር በእግር መከተል ነበር። በተራራው ደቡባዊ ገጽ ላይ የሚወርደው ዝናብ በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከዚያም በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አካባቢ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በሰሜናዊው ገጽ የሚወርደው ግን በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ፣ ከዚያም ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ወደ ሜድትራንያን ይጓዛል። ይህን በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ ተማሪዎቹም ጽፈውት ያውቃሉ። ሆኖም አንድ እግራቸውን በአዋሽ ተፋሰስ፣ ሌላውን በዓባይ ተፋሰስ አድርገው ለመቆም ትክክለኛውን ቦታ በካርታ ሲፈልጉ የነበረው ክርክር ማስታወሻ በመገልበጥ የሚገኝ አልነበረም። የስልኮቻቸው የከፍታ ንባብ እርስ በርሱ ስላልተስማማ ዳኛው ካርታው ሆነ።

በዚያው ዕለት የሙቀት ልኬትም አድርገን ነበር፤ እርሱ ግን አልተሳካም። ከአባላቱ ግማሾቹ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው ግቢያችን ቀርተው፣ ሌሎቹ እንጦጦ ላይ ሆነው በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀንስ፣ በ700 ሜትር ልዩነት 4.5 ዲግሪ ያህል እንጠብቅ ነበር፤ ያገኘነው ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው። የግቢው ቡድን ቴርሞሜትሩን ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ አንጠልጥሎት ኖሯል። ስለ ጥላ ቀድሜ አለማስጠንቀቄ የእኔ ጥፋት ነው።

የዝናብ መለኪያችን በ«ሃይላንድ» የተሠራ ነው። አናቱን ቆርጠን እንደ ማጥለያ ገልብጠን ከተትነው፤ ታችኛው ክፍል ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨምረን እስከ ዜሮው መስመር ውኃ ሞላንበት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ንባቦች ከዛፍ ሥር በመቀመጡ ተሰርዘዋል። ከዚያ በኋላ ግን ሁልጊዜ ጧት በሁለት ሰዓት ተነቧል፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ማለት እንደሆነ የተረዱት አባላትም ከሒሳብ የሸሹ መሆናቸውን ረስተው ማስላት ጀመሩ። 200 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲቀበል 2,000 ሊትር ውኃ ያወርዳል፤ ቧንቧው በፈረቃ ለሚመጣበት ግቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስሌቱን ከማመልከቻ ጋር ለርዕሰ መምህሩ አቅርበናል፤ ሮቶው ገና አልተገዛም።

የጥያቄና መልስ ውድድር አንድ ጊዜ አካሂደናል፤ ከሌሎች ዓመታት የተለየ ነገር ስላልነበረው ብዙ አልልበትም። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አባላት በብሔራዊ ፈተና ዝግጅት ምክንያት አንድ በአንድ ቀርተዋል። አልወቅሳቸውም፤ ክበቡ ግን በሚቀጥለው ዓመት ዋና ዋና ሥራዎቹን ከጥር በፊት መጨረስ፣ የኃላፊነት ቦታዎችንም ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች መስጠት ይኖርበታል።

ሞዴሉ በቤተ መጻሕፍት ከመግቢያው በስተግራ ተቀምጧል። ዝናቡን በተመለከተ ግን አንድ ችግር ነበረብን፤ የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት ነው። ተማሪዎቹ «ጋሼ» እያሉ የሚጠሯቸው የጥበቃ ሠራተኛችን ንባቡን በክረምቱ ሊቀጥሉ ፈቃደኛ ሆነዋል፤ መመዝገቢያ ደብተሩና ማስመሪያው በበሩ አጠገብ ባለው የጥበቃ ቤት ይገኛሉ።